የጎሳ ስም፣ የትውልድ መዝገብና ሳይንስ፦ የሲያል ጎሳ አመጣጥ፣ ልማድና ስርጭት

መግቢያ

አንድ ጎሳ «ከየት መጣችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ መልሱ የተዘጋጀ ነው። የመጀመሪያው አባት ስም፣ የተነሣበት አገር፣ የተጓዘበት መንገድ፣ በመጨረሻም የሰፈረበት ቦታ በቅደም ተከተል ይነገራል። ትረካው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ በመሆኑ የሚጠራጠረው ሰው ጥቂት ነው። ሳይንስ ግን እንዲህ ያለ ትረካ ሲቀርብለት ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣል። አንደኛ፣ ትረካው እውነት ቢሆን ኖሮ ምን ዓይነት ምልክት ትቶ ባለፈ ነበር? ሁለተኛ፣ ያ ምልክት በእርግጥ ይገኛልን?

በዚህ ጽሑፍ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች እየተመራን በፓኪስታን ፑንጃብ የሚኖረውን የሲያል ጎሳ እንመለከታለን። ሲያልን የመረጥንበት ምክንያት ጎሳው የትውልድ መዝገቡን በጽሑፍ በማቆየቱ ከአፈ ታሪክ፣ ከስም ቆጠራና ከዘረ መል ጥናት የሚገኙትን ሦስት ዓይነት መረጃዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለማነጻጸር ስለሚያመች ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እንፈልጋለን።

ጃቶች እነማን ናቸው?

ሲያሎች በብዙ ተመራማሪዎች ዘንድ የሚመደቡት ጃት ተብሎ ከሚጠራው ሰፊ ሕዝብ ነው። ጃቶች በሕንድ ክፍለ አህጉር ሰሜን ምዕራብ የሚኖሩና በአመዛኙ በእርሻ የሚተዳደሩ ሕዝቦች ናቸው። በሕንድ ፑንጃብ የሚገኙት አብዛኞቹ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ሲሆኑ፣ በሃርያና፣ በራጃስታንና በምዕራብ ኡታር ፕራዴሽ የሚገኙት አብዛኞቹ ሂንዱዎች፣ በፓኪስታን የሚኖሩት ደግሞ ሙስሊሞች ናቸው። እንግዲህ አንድ የሕዝብ ስም በሦስት ሃይማኖቶችና በሁለት አገሮች ተከፍሎ ይገኛል ማለት ነው። በዚህ ስም ሥር ያሉት ጎሳዎች እጅግ ብዙ ናቸው።

ስለ ጃቶች የሚናገሩት ቀደምት ጽሑፎች የሚጠቁሙት ወደ ደቡብ፣ ማለትም ወደ ሲንድ ነው። በ8ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የዐረብ ጦር ሲንድን በያዘ ጊዜ በኢንደስ ወንዝ ዳርቻ ከብት እያረቡ የሚኖሩ፣ ዐረቦች «ዙጥ» ብለው የሚጠሯቸው ሰዎች ነበሩ። በ1027 ገደማ የጋዝናው ሱልጣን ማሕሙድ በኢንደስ ላይ ከጃቶች ጋር ተዋግቷል። ኢርፋን ሐቢብ የተባሉት ሕንዳዊ የታሪክ ምሁር እንደሚያስረዱት ከ11ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ጃቶች ወንዞቹን ተከትለው ወደ ሰሜን፣ ወደ ፑንጃብ ተስፋፍተዋል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የንጉሠ ነገሥት አክባርን ግዛት የሚዘረዝረው «አይኒ አክባሪ» የተባለው መጽሐፍ ሲዘጋጅ በብዙ የፑንጃብ ወረዳዎች ባለ ርስት ሆነው ተመዝግበዋል።

ከብት አርቢው ሕዝብ ገበሬ የሆነው እንዴት ነው? ከመልሱ አንዱ ክፍል የቴክኖሎጂ ጉዳይ ነው። ፑንጃብ ማለት «አምስት ውኃዎች» ማለት ሲሆን፣ በወንዞቹ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ግን ዝናብ የሚያንሰው፣ የጉድጓዱም ውኃ ጥልቅ የሆነ ምድር ነው። ይህን ምድር ለማረስ ያስቻለው በእንስሳ ጉልበት የሚዞር የውኃ መቅጃ መንኰራኵር ነው። በመንኰራኵሩ ላይ በገመድ የተያያዙ ማሰሮዎች ወደ ጉድጓዱ ወርደው ውኃ ይሞላሉ፤ ወደ ላይ ሲወጡም በቦዩ ውስጥ ይገለብጡታል። የሙጋል መንግሥት መሥራች የሆነው ባቡር በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ይህ መሣሪያ በላሆርና በአካባቢዋ እንደሚሠራበት ገልጿል።

በ19ኛው መቶ ዓመት አንዳንድ እንግሊዛውያን ጸሐፊዎች ጃቶች ከመካከለኛው እስያ ከመጡት ከእስኩቴሶች የተወለዱ ናቸው የሚል ሐሳብ አሰራጭተው ነበር። የሐሳቡ ዋና መሠረት የስሞች መመሳሰል ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ስሞች በድምፅ መመሳሰላቸው ብቻውን የሁለት ሕዝቦችን ዝምድና አያረጋግጥም።

ሲያሎች ስለ ራሳቸው የሚሉት

በጎሳው ትውፊት መሠረት ሲያል የሚባለው የመጀመሪያው አባት ፓንዋር ከሚባለው የራጅፑት ነገድ የተወለደ የራይ ሻንካር ልጅ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ከምሥራቅ ተነሥቶ ወደ ፑንጃብ መጣ፤ በፓክፓታን ይኖሩ በነበሩት በታዋቂው ሱፊ በባባ ፋሪድ እጅም እስልምናን ተቀበለ። ከአካባቢው አለቆች የአንዱን ልጅ አግብቶ ዘሩ በዛ፤ ልጆቹም ከጊዜ በኋላ የጃንግን አገር ያዙ ይላል ትውፊቱ።

ይህ ትረካ ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ያጎናጽፋል። ከራጅፑት መወለድ ክብርን፣ በቅዱስ ሰው እጅ ማመን በረከትን፣ ቀድሞ መስፈር ደግሞ የመሬት መብትን ያስገኛል። ትረካው ጠቃሚ መሆኑ ሐሰት አያደርገውም፤ ነገር ግን በጥንቃቄ እንድንመረምረው ያስገድደናል። የ1881ን የፑንጃብ ሕዝብ ቆጠራ ዘገባ የጻፈው ዴንዚል ኢብትሰን ሲያሎችን ከራጅፑቶች ተርታ ቢያሰልፋቸውም፣ በምዕራቡ ሜዳ በጃትና በራጅፑት መካከል ያለው ወሰን እጅግ የላላ መሆኑንና ልዩነቱም ከደም ይልቅ የማኅበራዊ ደረጃ ልዩነት መሆኑን አስረድቷል።

ስም እንደ መረጃ

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ እናንሣ። ሲያልና ቤተ ሰቡ በ13ኛው መቶ ዓመት በአንድ ጊዜ ሃይማኖታቸውን ለውጠው ቢሆን ኖሮ ምን እናገኝ ነበር? ከዚያ ዘመን ጀምሮ ለወንዶች ልጆች የሚወጣው ስም በአመዛኙ የሙስሊም ስም በሆነ ነበር። በሌላ በኩል፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ጎሳው በሰይፍ ተገዶ ሃይማኖቱን ለውጦ ከሆነ፣ በአንድ የታወቀ ዘመን የስሞቹ ዓይነት በድንገት ሲለወጥ እናይ ነበር። ሁለቱ አስተያየቶች እርስ በርሳቸው ቢቃረኑም ሁለቱም ድንገተኛ ለውጥን ይተነብያሉ።

አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሪቻርድ ኢተን በሲያሎች የትውልድ መዝገብ ውስጥ የሚገኙትን የወንዶች ስሞች በዘመን በዘመናቸው ከፋፍለው ቆጠሩ። ከተመዘገቡት ወንዶች መካከል የሙስሊም ስም የነበራቸው በመቶኛ ሲሰላ የሚከተለውን ይመስላል፦

በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ — 10
በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ — 56
በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ — 75
በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ — 100

ውጤቱ ሁለቱንም ትንበያዎች አይደግፍም። ባባ ፋሪድ ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እንኳ ከአሥር ወንዶች የሙስሊም ስም የነበረው አንዱ ብቻ ነበር። በሌላ በኩል ለውጡ ወደ አራት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። አንድን ትውልድ በ25 ዓመት ብናሰላው ይህ 16 ትውልድ ይሆናል። ከእነዚህ ትውልዶች መካከል አንዱም «ሃይማኖቴን ለወጥሁ» ብሎ ለማለት የሚያበቃ ድንገተኛ ለውጥ አላየ ይሆናል። አያት በድሮው ስም፣ የልጅ ልጅ በአዲሱ ስም እየተጠሩ በአንድ ቤት ኖረዋል።

ለውጡን ያመጣው ምንድን ነው? ኢተን የሚያቀርቡት ማብራሪያ ቀደም ብለን ከተመለከትነው የኑሮ ለውጥ ጋር የተያያዘ ነው። የባባ ፋሪድ መቃብር ትልቅ የመሳለሚያ ስፍራ ሆኖ ነበር፤ ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታም በ1334 ጎብኝቶታል። ከብት አርቢዎቹ በመቃብሩ ዙሪያ ባለው ምድር እየሰፈሩ ሲያርሱ የጎሳ አለቆች ከመቃብሩ ጠባቂዎች ጋር በስጦታ፣ በበዓልና በጋብቻ ተሳሰሩ። ሃይማኖቱ የገባው በስብከት ብቻ ሳይሆን በእርሻው፣ በገበያውና በዝምድናው መንገድ ነው። ባባ ፋሪድ ብዙ ጎሳዎችን በእጃቸው አሳመኑ የሚለው ትረካም ጎልቶ የሚታየው እርሳቸው ካረፉ ከረጅም ጊዜ በኋላ በተጻፉ ጽሑፎች ነው። ስለዚህ ትረካው የአራት መቶ ዓመትን ዝግተኛ ለውጥ በአንድ ሰውና በአንድ ቀን ጠቅልሎ የሚያስታውስ ነው ለማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስም እምነት አይደለም። በአገራችን ብዙ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች የዓለም ስምና የክርስትና ስም እንዳላቸው እናውቃለን። ከመዝገብ ላይ «አበበ» ወይም «ደስታ» የሚለውን ብቻ አይቶ «ይህ ሰው ክርስቲያን አይደለም» የሚል ተመራማሪ ቢኖር ይሳሳታል። በሲያሎችም ዘንድ የድሮውን ስም የያዘ ሁሉ አላመነም ማለት አንችልም። ይሁን እንጂ ስም ወላጆች ለልጃቸው አስበው የሚመርጡት ነገር በመሆኑ፣ የአንድ ሰው ስም ብዙ ባይናገርም የብዙ መቶ ሰዎች ስም በአንድ አቅጣጫ ሲጓዝ ማየት ማኅበሩ ወዴት ይሄድ እንደነበር ያመለክታል።

ዘረ መል ምን ይላል?

ሁለተኛው መፈተኛ በሰውነታችን ውስጥ ይገኛል። ዋይ ክሮሞሶም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል፤ በእንዲህ ያሉ ሕዝቦች የጎሳ ስምም እንዲሁ በአባት በኩል ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ የአንድ ሕዝብ ወንዶች በሙሉ በእውነት ከአንድ አባት የተወለዱ ቢሆኑ ዋይ ክሮሞሶማቸው፣ በጊዜ ብዛት ከሚደርሱ ጥቂት ለውጦች በቀር፣ አንድ ዓይነት በሆነ ነበር። በ2017 የታተመ በ302 የጃት ናሙናዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ዘጠኝ የተለያዩ የዋይ ክሮሞሶም ምድቦችን አግኝቷል። ይህም ጃቶች ከአንድ ምንጭ ሳይሆን ከብዙ ጥንታዊ ምንጮች የተሰበሰቡ መሆናቸውን ያሳያል። ጥናቱ የሚናገረው ስለ ጃቶች በጠቅላላው እንጂ ስለ ሲያል ለብቻው አይደለም፤ ቢሆንም «ጃቶች ሁሉ የእስኩቴስ ልጆች ናቸው» ለሚለው ዓይነት የአንድ ምንጭ ሐሳብ ቦታ አይተውለትም።

ከዚህም የሚጠልቅ ነጥብ አለ። እያንዳንዳችን ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉን። ወደ ኋላ 16 ትውልድ ብንቆጥር የቅድመ አያቶቻችን ቦታ 2 በ16 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው፣ ማለትም 65,536 ይሆናል። ዘመዳሞች ስለሚጋቡ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ የሰዎቹም ቁጥር ከዚህ ያንሳል። የጎሳ ስም የሚከተለው ግን ከእነዚህ ሁሉ መስመሮች አንዱን ብቻ ነው። እናቶች ከሌሎች ጎሳዎች በገቡ ቁጥር የሌሎች ጎሳዎች ውርስ አብሮ ይገባል። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል፤ የጎሳ ስም የሚስበው ክር ግን ከ65,536ቱ አንዱን ነው።

ልማድና ጋብቻ

በሲያሎች አገር የኑሮው መሠረት «ቢራደሪ» የሚባለው የወንድማማችነት ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር በአባት በኩል የሚዛመዱ ቤተ ሰቦችን ያስተሳስራል። በልደት፣ በሠርግና በሐዘን ጊዜ ስጦታ መስጠት ግዴታ ነው። ስጦታው በጥንቃቄ ይቆጠራል፤ ተቀባዩም በተራው ሲመልስ ጥቂት ይጨምርበታል። ሒሳቡ ፈጽሞ እንዳይዘጋ መደረጉ ዝምድናው እንዳይቋረጥ የሚጠብቅ ብልሃት ነው። አባት ሲሞት በጉባኤ ፊት በወራሹ ራስ ላይ ጥምጥም ይታሰራል። የጎሳውን ትውልድ በቃል የሚያጠኑትና በበዓል የሚያዜሙት «ሚራሲ» የሚባሉ የሙያ ዘፋኞች ናቸው።

በጋብቻ ረገድ የሃይማኖት ልዩነት ጎልቶ ይታያል። የሂንዱና የሲክ ጃቶች ከራሳቸው ጎሳ አይጋቡም፤ በልማዱ የእናትንና የአያቶችንም ጎሳ ያስቀራሉ። ሙስሊም ጃቶች ግን የአጎት፣ የአክስት ልጅ ማግባት ይችላሉ፤ በፓኪስታን በአጠቃላይ ከጋብቻዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዘመዳሞች መካከል የሚፈጸሙ ናቸው። ሁለት ቤተ ሰቦች ሴት ልጅ ተለዋውጠው የሚዳሩበት «ዋታ ሳታ» የሚባል ልማድም አለ። በእናትም በአባትም በኩል እስከ ሰባት ትውልድ ለሚቆጥር የአገራችን አንባቢ ይህ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። ሳይንስ ግን የሚጠይቀው «እንግዳ ነውን?» ብሎ ሳይሆን «ጉዳቱ ምን ያህል ነው?» ብሎ ነው።

እናስላው። የአጎት ልጆች ሲጋቡ ልጃቸው በአንድ የዘረ መል ስፍራ ላይ ከአንድ የጋራ አያት የመጡ ሁለት ተመሳሳይ ቅጂዎችን የመውረስ ዕድሉ 1/16 ነው። በፓኪስታን ታላሴሚያ የተባለው የደም በሽታ ዘረ መል ተሸካሚዎች ከ100 ሰዎች ቢያንስ 5 ያህል እንደሆኑ ይገመታል። በዚህ ስሌት ከ100 የዘረ መል ቅጂዎች በሽታውን የሚያመጣው 2.5 ይሆናል። ባልና ሚስት ባይዛመዱ ልጃቸው የመታመም ዕድሉ 0.025 × 0.025፣ ማለትም ከ10,000 ልጆች 6 ያህል ነው። የአጎት ልጆች ከሆኑ ግን (1/16 × 0.025) + (15/16 × 0.000625)፣ ማለትም ከ10,000 ልጆች 21 ያህል ይሆናል። አደጋው ከሦስት እጥፍ በላይ አድጓል፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ልጆች ጤነኞች ሆነው ይወለዳሉ። ከጋብቻ በፊት ሁለቱም ወገኖች የደም ምርመራ ቢያደርጉ ተሸካሚነታቸውን አስቀድመው ማወቅ ይችላሉ።

የጎሳ ልማድ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን በጤና ብቻ የሚለካ አይደለም። በፑንጃብ እጅግ የታወቀው የፍቅር ታሪክ የሂርና የራንጃ ታሪክ ነው። ሂር የሲያል አለቃ ልጅ ናት። የወደደችው ራንጃ የሌላ የጃት ጎሳ ልጅ ሲሆን በአባቷ ቤት ጎሽ ጠባቂ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። ቤተ ሰቧ ከኬራ ጎሳ ለሆነ ሰው በግድ ዳሯት፤ በመጨረሻም መርዝ አበሏት። ባለቅኔው ዋሪስ ሻህ ታሪኩን በ1766 በግጥም ከጻፈው በኋላ በፑንጃብ ሁሉ ተሰራጨ። የሂር ነው የሚባለው መቃብር ዛሬም በጃንግ ከተማ ይጎበኛል። ሕዝቡ ለሂር ያለቅሳል፤ ነገር ግን በጎሳ ክብር ስም የሚፈጸም ግድያ እስከ ዘመናችን አልጠፋም። የፓኪስታን ፓርላማ በ2016 በቤተ ሰብ ይቅርታ ወንጀለኛው እንዳያመልጥ ሕጉን አጥብቋል።

የርስት ጉዳይም እንዲሁ ነው። እንግሊዞች በ1872 ባወጡት የፑንጃብ ሕግ ልማድ የሕግ ኃይል ተሰጠው፤ በልማዱም ሴት ልጅ በአመዛኙ ከእርሻ መሬት ውርስ ትገለል ነበር። መሬቱ ከአባት መስመር እንዳይወጣ ሲባል እስልምና ለሴት ልጅ የሚፈቅደው ድርሻ እንኳ ይታለፍ ነበር። በፓኪስታን ፑንጃብ የእርሻ መሬት በእስልምና የውርስ ሕግ እንዲከፈል የተደነገገው በ1948 ነው። እንግዲህ አስቀድመን ያየነው አንድ የአባት መስመር በመዝገብ ላይ ብቻ ሳይሆን በመሬትም ላይ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ስርጭት

የሲያሎች እምብርት ጀሉምና ቼናብ የተባሉት ወንዞች የሚገናኙበት የጃንግ አካባቢ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሲክ ገዥ የሆነው ራንጂት ሲንግ እስኪይዛቸው ድረስ የሲያል አለቆች ጃንግን ያስተዳድሩ ነበር። ዛሬ ጎሳው በጃንግ፣ በ2009 ከጃንግ ተለይቶ ራሱን በቻለው በቺኒዮት፣ በቶባ ቴክ ሲንግ፣ በፋይሳላባድ፣ በካኔዋልና በሙልታን ይገኛል። ስርጭቱን ከለወጡት ነገሮች አንዱ በ1892 የተከፈተው የታችኛው ቼናብ ቦይ ነው። ቦዩ ለከብት ግጦሽ ይውል የነበረውን ደረቅ ሜዳ ወደ ስንዴና ጥጥ እርሻ ለወጠው። አዲሶቹ ሰፋሪዎች በአብዛኛው ከመካከለኛው ፑንጃብ መጡ፤ ነባሮቹ አርቢዎች ግጦሻቸው ጠበበ።

ጃንግ ለሳይንስ ተማሪዎች በሌላም ምክንያት የምትታወስ ከተማ ናት። በ1979 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አብዱስ ሰላም ያደጉትና የተማሩት በዚያ ነው። እርሳቸው በ1964 በጣሊያን በትሪየስቴ ባቋቋሙት የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ከኢትዮጵያና ከሌሎች ታዳጊ አገሮች የሚሄዱ ምሁራን ሲሠለጥኑ ቆይተዋል።

ማጠቃለያ

የሲያልን ጎሳ በሦስት ዓይነት መረጃ መረመርን። ትውፊቱ ስለ አንድ አባትና ስለ አንድ ቀን ይናገራል። የስሞች ቆጠራ የአራት መቶ ዓመት ዝግተኛ ጉዞ ያሳያል። ዘረ መል ደግሞ የጎሳ ስም የሚከተለው መስመር ከሺዎች አንዱ መሆኑን ያስረዳል። ይህ ማለት ትውፊት ይጣል ማለት አይደለም፤ ትውፊት ሕዝቡ ምን እንደሚያከብር ይነግረናል። የሆነውን ለማወቅ ግን ቆጠራ ያስፈልጋል። የዘር ሐረግ ሰዎችን ለመለየት በሚጠቀስበት ዘመን፣ «እኛ ከጥንት አንድ ነበርን፤ እናንተ ሌላ ናችሁ» የሚል አባባል ሲሰማ «ይህ እውነት ቢሆን ምን ይገኝ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ለሳይንስ ተማሪ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. ከላይ የተሰጡትን አራት መቶኛዎች በግራፍ አስቀምጡ። ለውጡ በየትኛው ዘመን ፈጥኗል? ምክንያቱስ ምን ሊሆን ይችላል?

2. የታላሴሚያ ተሸካሚዎች ከ100 ሰዎች 2 ብቻ ቢሆኑ ለማይዛመዱና ለአጎት ልጆች ጋብቻ የሚኖረውን አደጋ አስሉ። ልዩነቱ ስንት እጥፍ ሆነ? በሽታው ብርቅ ሲሆን እጥፉ ለምን ይጨምራል?

3. በቤተ ሰባችሁ ውስጥ እስከ አምስት ትውልድ ያሉትን ስሞች በአባትም በእናትም በኩል ጠይቃችሁ መዝግቡ። የስሞቹ ዓይነት ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት ተለወጠ? ስንቶቹን እናቶች በስም ታውቃላችሁ?